ከመቃብር የተነቀሉት ድንጋዮች

ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ያ የወገብ ሕመምዎስ ተሻለዎት ወይ? ባለቤትዎ፣ ልጆች፣ ሥራውስ እንዴት ነው? ብርዱስ አልጠናባችሁም? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን ነገር የለም። እስከዚህ ያስጻፈችኝ እናታችን ናት። ለታላቅ ወንድም ያለ ሰላምታ አይጻፍም ብላ፣ አልጋዋ ላይ ሆና እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብዬ እንዳነብላት ታዘኛለች።

አሁን እንቅልፍ ወስዷታል። እንግዲህ ጋሼ፣ አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃንና ስማኝ። ደህና አይደለንም። ወገብህ ተሻለህ አልተሻለህ፣ ዛሬ ግድ የለኝም።

አምና መጥተህ ሁለት ሳምንት ስትቀመጥ የሠራኸውን አትረሳውም መቼም። የቤተሰባችን መቃብር ተረሳ፣ አረም ዋጠው፣ አጥሩ ፈረሰ ብለህ ስታለቅስ እኔም ሞኟ አብሬህ አልቅሻለሁ። የግንብ አጥሩን አስጠገንክ፣ አረሙን አስነቀልክ፤ ይህን አልክድህም። ከዚያ ግን ግንበኛውን ጠርተህ፣ ጽሑፍ ያለባቸውን ድንጋዮች ሁሉ ከየመቃብራቸው አስነቅለህ፣ በብሩሽ አሳጥበህ፣ አጥሩን አስደግፈህ በተርታ አቆምካቸው። ለምን? ስሞቹ በደንብ ተነበው ፎቶ እንዲነሱ፣ የዘር ሐረግህ እንዲሞላ! ከድንጋዩ ሥር የተኛውስ ሰው ብሎ የጠየቀህ አልነበረም። እኔ ያን ሰሞን የደንብ ልብስ ትእዛዝ ደርሶብን ከስፌት ቤቱ ለምሳ እንኳ አልወጣም ነበር። ራሴንም ይቅር አልለውም።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ መድኃኒቱ እናታችንን ብዙም እንደማይረዳት ነገረኝ። ሳልነግራት አውቃዋለች መሰለኝ፣ በማግስቱ ወደ መቃብሩ ውሰጂኝ፣ የምተኛበትን ላሳይሽ አለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያ ልጇ ጎን መቀበር። ሁለት ወር ሳይሞላት ከሞተችው እህታችን ጎን ማለቴ ነው። አላወቅሁም እንዳትለኝ። ሐረጉን ስትጽፍ ስለእሷ ነግራህ፣ ስም ያልወጣለት ልጅ አይገባም ብለሃታል። በትልቅ ወረቀት አሳትመህ የላክኸው ይኸው ሳሎን ተሰቅሏል፤ የበኩር ልጅ ከሚለው ሥር የተጻፈው ያንተ ስም ነው።

ደግፌ መቃብሩ ግቢ አስገባኋት። ገና ስታየው ግራ ገባት፤ ሰዎቹ የት ሄዱ አለችኝ። በአጥሩ ጥግ የተደረደሩትን አሳየኋት። እነሱስ ይቁሙ፣ የልጄ ድንጋይ ጽሑፍ የለውም፣ ትንሽ ነው፣ አባታችሁ ከወንዝ ተሸክሞ ያመጣው ነው አለች። ከዚያ ተንበርክካ መሬቱን በእጇ ትዳስስ ጀመር። ትነሳለች፣ ትንሽ ትራመዳለች፣ እንደገና ትንበረከካለች። ምን ታገኛለች? ሁሉንም አንድ ሜዳ አድርገኸው የለ!

ግንበኛውን እዚያው አስጠራሁት። ምስኪን መሬት መሬቱን እያየ፣ ጋሽዬ ጭቃ እንዳይነካን ጽሑፍ የሌላቸውን ድንጋዮች ነቅለህ ከበሩ ጀምረህ አንጥፍልን ብለውኝ ነው አለ። እኛ የገባነው በዚያው መንገድ ነው። እናትህ የልጇን ድንጋይ ረግጣ ነው የገባችው። ይህን ከሰማች በኋላ ስንመለስ በንጣፉ ላይ አልሄድም ብላ፣ በዚያ አቅሟ፣ በጎን ከአጥሩ በተረፈው ፍርስራሽና ዳግም በበቀለው እሾህ መሃል ወጣች። ብለምናት እምቢ አለችኝ፣ ምን ላድርጋት?

ግንበኛው ግን አንድ ነገር አስታወሰ። በመጀመሪያው ቀን፣ አንድም ድንጋይ ሳይነቀል፣ በሩ ላይ ቆመህ መላውን ግቢ ፎቶ አንስተሃል አሉ። ትንሿ ድንጋይ እዚያ ላይ ከታየች፣ ከአጥሩ ለክቼ ቦታዋን አገኛታለሁ ይላል። ይህን ልነግርህ አራት ጊዜ ደወልኩ። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ነኝ አልክ። በሁለተኛው እስከ መጨረሻው ሳትሰማኝ፣ የቅድመ አያታችን አባት ዳኛ ነበሩ ወይስ ጸሐፊ፣ እስቲ እናታችንን ጠይቂልኝ አልከኝ። ወይ ጉድ! የቀሩትን ሁለት ጊዜ ጭራሽ አላነሳኸውም። ያን ሁሉ የሞተ ሰው ፍለጋ ስትባዝን፣ በሕይወት ያለችው እናትህ እንዴት ከቁጥር አልገባችልህም? አፍሬብሃለሁ። የዘር ሐረግ ፈላጊ ነኝ ብለህ ለሰው ስታወራ ብሰማ፣ ሰው ፊት አዋርድሃለሁ።

ፎቶውን ላክ። ነገ ሳይሆን ይህ ወረቀት እጅህ እንደገባ ላክ። ከዚያ በኋላ ብትፈልግ የእኔንም ስም ከሐረግህ ፋቀው።

ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ እሷ በዚህ ነገር የለችበትም። ትልቋን ልጅህን ሳምልኝ፤ በስልክ የዘፈነችላትን አያቷ እስከ ዛሬ ታወራለች። ትንሹንም በሁለቱም ጉንጩ ሳምልኝ። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ ሌላም የሚለው ነበረው፣ ተው ብዬው ነው።

እናታችን አሁን ነቃች። ጻፍሽለት ወይ ብላ ጠየቀችኝና የእኔንም ቃል ጨምሪ አለችኝ። እንዳለችው እጽፈዋለሁ። ለቀብሬ ብሎ ከሥራው አይነሳ፤ እናንተም ድንጋይ እንዳታቆሙብኝ፣ ልጄ መጥቶ ይነቅለዋል።

እህትህ
ከእናትህ አልጋ አጠገብ
ግንቦት 17 ቀን