የባሕር ዳርቻችንን ከራጅ መኪና ላዳኑልን ከንቲባ

ለተከበሩ አቶ ሲልቪዮ ራዶሽ
የድራጎቫ ሉካ ከተማ ከንቲባ

ጉዳዩ፦ በባሕር ዳሩ መንገድ ረጃጅም መኪኖች እንዳይቆሙ ስለወጣው ደንብ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ምግብ ተስማምቶዎት፣ እንቅልፍ ጠግበው፣ ከቢሮዎ መስኮት የሚታየውን ባሕርም ምንም ሳይጋርደው እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። ጤና ትልቅ ነገር መሆኑን በቅርቡ ስለተማርኩ፣ ምኞቴን ለወግ ያህል የተጻፈ አድርገው እንዳይቆጥሩት አደራ እላለሁ።

እኔ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ልብስ የምሰፋው ዶሚኒካ ቩሌታ ነኝ። በምርጫው ሰሞን ወገቡ ጠቦ ያስቸገረዎትን ሱሪ የለቀቅኩልዎ እኔ ነበርኩ።

አንደኛ፣ ስለ ደንቡ አጻጻፍ ላመሰግንዎ። «ከስድስት ሜትር የሚረዝም ማንኛውም ተሽከርካሪ በባሕር ዳሩ መንገድ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አይቆምም» ይላል። በየበጋው ከሰሜን አገር ከነአልጋቸውና ከነድስታቸው መጥተው ባሕራችን ፊት የሚተኙትን ቤት የሚያህሉ መኪኖች ለማባረር እንደወጣ አውቃለሁ። ያኔ እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ መስኮቴ ሥር የማላውቀው ሰው ካልሲ ታጥቦ ተሰጥቶ ማየት ሰልችቶኝ ነበር።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ አፈጻጸሙ ነው። ባለፈው ዓመት ግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሁለት ዓመት አንዴ የሚመጣው የጡት ራጅ መኪና መጣ። ዳገት ላይ የተንጠለጠለችው ከተማችን ከባሕር ዳሩ በቀር እንዲህ ያለ መኪና የሚቆምበት ደልዳላ ቦታ እንደሌላት ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ሃያ ስድስት ሴቶች ተሰልፈን ነበር። አንዷ ታናሽ እህቴ ፔሪና ናት። ብብቷ አጠገብ ሽምብራ የምታህል ነገር ከዳሰሰች ሦስት ወር ሆኗት ነበር፤ ስፕሊት ከተማ ወዳለው ሆስፒታል በአውቶቡስ እንሂድ ስላት አሻፈረኝ ብላ፣ መኪናው ደጃችን ሲመጣ ግን እሺ አለች። የሰፋሁላትን አዲስ ሸሚዝ ለብሳ ነበር የመጣችው።

የደንብ አስከባሪዎ ያክሻ ሜትር ይዞ ደረሰና መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ ለካው። አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ።

«ይነሣልኝ» አለ።

ሾፌሩ «ወንድሜ፣ የጫንኩት ራጅ ነው እንጂ ሽርሽረኛ አይደለም። ሴቶቹን አታይም?» አለው።

«አያለሁ። ደንቡ ግን ስለ ሴት አይደለም የሚያወራው፤ ስለ ሜትር ነው።»

ፔሪና «ያክሻ፣ አንተስ ጉድ ነህ! በምን አድገህ ነው? በጡጦ?» ስትለው ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ፊቱ ቀልቶ ቢሮዎ ደወለ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎት ስለነበር መልስዎን ሁላችንም ሰማን፦ «ለአንዱ ከፈቀድኩ ነገ ሁሉም ይመጣል። ይመለስ!»

ሁሉም ይመጣል ያሏቸው ሌሎቹ የጡት ራጅ መኪኖች እስከ ዛሬ አልመጡም።

መኪናው ዞሮ ሲሄድ ፔሪና ምን እንዳደረገች ልንገርዎ። «ተመስገን፣ ተረፍኩ!» ብላ ሳቀች፤ እጄን ይዛም ሰርዲን ልትገዛ ወሰደችኝ። ምን ያህል ፈርታ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። መንገድ ላይ እርስዎን መርቃዎታለች፤ ምርቃቷ ይድረስዎ።

ሦስተኛ፣ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የሙዚቃ መድረክ የጫነ አሥራ ስምንት ሜትር መኪና እዚያው ቦታ ሁለት ቀን ቆሟል። ለባህል ልዩ ፈቃድ ተሰጥቶታል አሉን። ፔሪናም ጨፍራለች።

በታኅሣሥ ክንዷ ማበጥ ጀመረ። የስፕሊቱ ሐኪም ፊልሙን አይቶ «በግንቦት ብትመጡ ኖሮ…» ብሎ ወደ ፖስታው መለሰው። በሚያዝያ ቀበርናት። የላኩት የአበባ ጉንጉን ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። ርዝመቱ የተፈቀደው ነበር።

አራተኛ ብዬ የምጽፈው ብዙ ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ። እጇን ጎትቼ አውቶቡስ ላይ ልጭናት እችል ነበር፤ አላደረግኩትም። ያንን ድርሻዬን ከማንም ጋር አልካፈልም። የተረፈው የእርስዎ ነው።

ደንቡ ይሻር አልልም። «ሐኪም የያዘ መኪና ይቆማል» የምትል አንዲት መስመር እንድትጨመርበት ለምክር ቤቱ አመልክቼ ነበር። ጉዳዩ ጥልቅ ጥናት እንደሚያስፈልገው በትሕትና ተነግሮኛል። መኪናው የሚመለሰው በመጪው ግንቦት ነው፤ ጥናታችሁ እስከዚያ እንዲያልቅ እጸልያለሁ።

ዕድሜዎ ከሥልጣን ዘመንዎ እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን የማይለካ አክብሮት አቀርባለሁ።

ዶሚኒካ ቩሌታ
ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦ በዓሣ ገበያው በር ላይ ለሚለጠፈው

ማስታወሻ፦ በዚያ ማክሰኞ ከሰልፉ መጨረሻ ትልቅ ጥቁር መነጽር ያደረጉ አንዲት ወይዘሮ ቆመው ነበር። ሁላችንም አውቀናቸው እንዳላወቀ ሰው ሆንን። ድምፅዎ በስልኩ ሲሰማ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤትዎ የሚወስደውን ደረጃ ወጡ። ዛሬ ምሳ ላይ ባለቤትዎን ወይዘሮ ኤዲታን ይጠይቋቸው። እኔ ባለፈው እሑድ ጠይቄያቸው ነበር። እስካሁን አልተመረመሩም።