ሦስት ንጉሥ ይዤ ጣልኩ

አሰላ፣ የካቲት ፲፰ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ፣

የአገራችን የጮሌ ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? ሳሉስ ተወዎት? እኔ አምላክ ይመስገን ገላዬ ደህና ነው፤ የታወከው ሐሳቤ ነው።

እማዬ፣ አይቆጡኝና ካርታ ነክቻለሁ። አባቴ በቁማር ምክንያት ጠፍቶ ከቀረ በኋላ በእመቤታችን ስም እንዳስማሉኝ አልረሳሁም። ግን ያስተማሩኝ የግቢያችን ጡረተኛ ጋሽ ወልደ ሚካኤል ናቸው፤ የምንጫወተውም በባቄላ እንጂ በገንዘብ አይደለም። ፖከር ይሉታል። ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ካርታ ይታደላል፤ ጥንድ ከነጠላ ይበልጣል፣ ሦስት አንድ ዓይነት ደግሞ ከጥንድ። ዋናው ግን እሱ አይደለም ይሉኛል። መጥፎ ካርታ ሲደርስህ ሳታዝን ጣልና ዙሩን ልቀቅ፣ ስትናደድ ተነሥተህ ውጣ፣ ጠጥተህ አትቀመጥ። ይኸው ከሐምሌ ወዲህ ጠጅ ቤት አልረገጥኩም፤ አለቃዬ ሲጮኽብኝ እንኳ ዝም ብዬ መስማት ለምጃለሁ። እርስዎ ስንት ዓመት የመከሩኝን ካርታ አስለመደኝ። ታዲያ ይህ ኃጢአት ነው ወይስ ጽድቅ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ወልደ ሚካኤል ቤት ከአርቦዬ ከተማ አንድ ሽማግሌ እህል ነጋዴ እንግዳ መጣና አብሮን ለካርታ ተቀመጠ። ተክለወልድ እባላለሁ አለ። በየወረቀቱ ከስሜ ቀጥዬ የምጽፈው ስም ነው። የስም መመሳሰል ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በመጨረሻው ዙር ሊያስፈራራኝ ባቄላውን በሙሉ ወደ መሐል ገፋው። እጁ ባዶ እንደሆነ ዐውቄያለሁ፤ ባዶ ሲሆን ጢሙን ይነካካል። እኔ ሦስት ንጉሥ ይዣለሁ። ላሸንፈው ስል አገሬን ጠየቀኝ። ጮሌ አልኩት። "ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ደጃፉ ላይ ኮሶ ዛፍ ያለበት ቤት አለ፤ አሁንም ሰው ይኖርበታል?" አለኝ። ይኖርበታል አልኩት። እጁ ጢሙ ላይ እንዳለ ቀረ። የአባቴን ስም ሲጠይቀኝ የእርስዎን አባት ስም ሰጠሁት። ከዚያ ሦስቱን ንጉሥ ሳላሳይ ጣልኩ። ባቄላውን ሰብስቦ እንደ ሕፃን ሳቀ።

ጋሽ ወልደ ሚካኤል በኋላ ካርታዬን ገልጠው አይተው ምን ነካህ አሉኝ። አዘንኩለት እንዳልል ተናድጄ ነበር፤ ተናደድኩ እንዳልል ጓዙን ተሸክሜ እስከ አውቶቡሱ ሸኘሁት። ሊሳፈር ሲል፣ በዚያ ቤት ያሉት እመቤት ደህና ናቸው ወይ አለኝ። ደህና ናቸው አልኩት።

ከፋሲካ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ሙሉ ስሜን ልንገረው ወይስ እንደ ባዕድ ላሳልፈው? እርስዎ ሳይፈቅዱ አንዱንም አላደርግም።

ጥርሱ ረግፏል። የሚኖረው ብቻውን ነው። ያልጠየቁኝን ለምን እንደምጽፍልዎት እኔም አላውቅም።

እመቤታችን ጉልበትዎን ታጽናልዎት፤ ዓይንዎን ለማየት ታብቃኝ።

የሚናፍቅዎት ልጅዎ