የሐይቁ ልክ ለጠብታዋ አይሆንም

ልጄ ዘሀራ፣

ካንቺ ወዲህ አንድ ክረምት ገብቶ ወጣ። ሐይቁ ሞልቶ ያንን የምንቀመጥበትን ጥቁር ድንጋይ ውጦታል። እናትሽ በክፍልሽ በር ማለፍ ቢያቅታት ደሴ እህቷ ዘንድ ሄዳለች። ቤቱ ውስጥ የቀረሁት እኔ ነኝ።

የምጽፍልሽ ተናድጄ ነው። ትናንት ሽማግሌዎች ለእርቅ መጡ። አላገባህም ስላልሽው ከሐይቁ ስትመለሺ ጠብቆ ጭንቅላትሽን በዱላ ፈልጦ የገደለሽን፣ ዘመዶቹ ሸሽገውት የከረመውን የጎረቤታችንን ልጅ፣ እንደ ደንቡ አንገቱ ላይ ድንጋይ አሸክመው ደጄ አንበረከኩት። ድንጋዩን ካነሣሁለት ማርኩት ማለት ነው። ሼሁም ቄሱም ቆመዋል። ሼሁ፣ «መምህር፣ ብቻህን አይደለህም፤ አገር ይዞሃል» አሉኝ።

ያኔ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍሽ ትዝ አለኝ። የውሃ የገጽ ውጥረት፣ ገጹን እንደ ቆዳ የሚወጥረው ኃይል፣ ሙቀቱ እስካልተለወጠ ያው ነው ብዬ ስሟገትሽ፣ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አስቀምጠሽ ውሃው ላይ የምትንሸራተተውን ትንኝ መሳይ አሳየሽኝ። ውሃው የሚሸከማት ገጹ ላይ ያሉት ቅንጣቶች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ስለሚሳሳቡ ነው። «በናኖ ልክ ግን» አልሽኝ፣ «ፀጉርን በውፍረቱ መቶ ሺህ ቦታ ብትከፍለው የአንዱን ያህል ስትሆን፣ ጠብታዋ ገጽ ብቻ ናት። ጎረቤት ያንሳታል፤ መያዣዋ ይላላል። የሐይቁን ቁጥር ለእሷ አትስጣት፣ አባዬ።» የውሃ ጠብታ መያዣ ምን ያህል እንደሚላላ ገና እንደሚያከራክርም ሳትደብቂ ጽፈሻል። የምኮራብሽ ለዚህ ነው።

እርቃቸው የሐይቅ ቁጥር ነው። ለሰፊ ዘመድ፣ ለሞላ ቤት ይሠራ ይሆናል። ብቻዬን የቀረሁትን እኔን ምን ይይዘኛል?

ድንጋዩን አነሣሁት። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ አናቱን እየለካሁ ነበር፤ ዱላው አንቺን ያገኘበትን ቦታ። ግን አልጣልኩበትም። ከዚያ ድንጋዩን መልሼ አንገቱ ላይ ጫንኩት፤ ኮሌታውን አንቄ አስነሣሁት። ሽማግሌዎቹ ደንብ ፈረሰ ብለው ጮኹ። ዘመዶቹ በዱላ ትከሻዬን መቱኝ፤ አልለቀቅሁትም። በገበያው መሐል እየገፋሁ፣ ሲወድቅ በእርግጫ እያስነሣሁ፣ ከነድንጋዩ ፖሊስ ጣቢያ አስረከብኩት።

ዛሬ ሰላምታዬን የመለሰ ሰው የለም። ይሁን።

ችሎቱ በተቀመጠ ቁጥር ከፊት ወንበር እገኛለሁ። ምን እንዳደረገሽ አንድም ሳላስቀር እናገራለሁ። ውሃው ሲጎድልም ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ጽሑፍሽን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ያቺ ትንኝ መሳይ ስትንሸራተት እያየሁ፣ ቁጥርሽን አንድ በአንድ እያጣራሁ።

አባትሽ