የማይረገጠው እግር መጥረጊያ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19። ምሽት 12፡30
ዛሬም ከነማዳበሪያዬ ታክሲ ውስጥ። ኢምፔሪያል ላይ ረዳቱ ለማዳበሪያውም ክፈይ አለ፣ ወንበር ይዞ ተቀምጧል ብሎ! ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም።

ውስጡ የቲሸርት ቁርጥራጭ ነው። ስድስት ዓመት ጨርቅ ስቆርጥ በኖርኩበት ፋብሪካ፣ በየቅዳሜው ጓሮ ይቃጠላል። ጭሱ ጉሮሮዬን ጨረሰው። ኃይሉ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊያችን፣ እስከ ዓርብ ለቤት የሚሆን ዕቃ ሠርተሽ ካሳየሽኝ ቁርጥራጩ ያንቺ ነው ብሏል። ካልሆነ ክብሪት። እግር መጥረጊያ ልሠራ ነው። ማስታወሻዬ፣ አንተም ጸልይልኝ።

ረቡዕ፣ 20። ከሥራ መልስ
አለቀ! ነጩን ጎንጉኜ ከመሃል በአራት አቅጣጫ ዘረጋሁት፤ ክፍተቱን በቀይ ሞላሁ። ጣቶቼ አብጠዋል። በሬ ላይ አነጠፍኩትና ሦስቴ ወጥቼ ገባሁ። እንዴት ያምራል!

ሐሙስ፣ 21። ከሰዓት
ጉድ ሆንኩ።
የዛሬው ፈረቃዬ የጠዋት ነበር፤ እቤት ነኝ። ጎረቤቴ ወ/ሮ ዘነበች ለወሩ ማርያም ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ ጎራ አሉ። በሩ ላይ ቆሙ። ይግቡ እላለሁ፣ አይገቡም። በዚያ በሚያማቸው ጉልበት መቃኑን ይዘው እግር መጥረጊያውን ተሻገሩት። እንዳይቆሽሽ የሳሱልኝ መስሎኝ፣ ይርገጡት፣ ለዚሁ ነው የተሠራው አልኳቸው።
«መስቀል እኮ ነው ልጄ። በእግሬ?»
አየሁት። እውነትም መስቀል! ጴንጤ ቤት ያደግሁ ነኝ፤ ዓይኔ ጉንጉን እንጂ ሌላ አላየም። ሆን ብላ ነው ካሉስ? ፊቴ ጋለ።
እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው አነሡት፤ ተሳለሙትና ሶፋው መደገፊያ ላይ አኖሩት። ከዚያ ማዳበሪያውን ሳቡ። ለካ በልጅነታቸው ሙዳይ ሰፊ ነበሩ። ከመሃል ጀምረሽ ዙሪያውን እያጠማዘዝሽ ስፊው፣ ክብ ነገር ማንንም አያስቀይምም አሉኝ። እሳቸው ያጠማዝዛሉ፣ እኔ እሰፋለሁ። ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል አላወራንም። ስለ ጉልበት ሕመም ግን ብዙ።

ዓርብ፣ 22። 10 ሰዓት
ኃይሉ ክቡን መሬት ላይ ጥሎ ጫማውን ጠረገበት። ጸሐፊዋን ጠራ፤ እሷም ጠረገች። ቅዳሜ እሳት የለም አለ! ማልቀስ አማረኝ፤ አላለቀስኩም።
ስንት ሆናችሁ ነው የምትሠሩት? ሲለኝ፣ ሁለት አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ። ወ/ሮ ዘነበችን ገና አልጠየቅኋቸውም።
በራቸው ክፍት ነው፤ ድምፃቸው ይሰማኛል። ሄድኩ።