ቢጫዎቹ ወረቀቶች

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ወይዘሮ ጥሩነሽን የመጋዘኑን ቁልፍ ተቀበሏት። አላለቀሰችም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «መቀበላችሁን ፈርሙልኝ» አለቻቸው። ጎበዝ!

ነገሩ የትራክተር ጎማ ነው። ከመጋዘናችን ወደ መንግሥት እርሻ ይሄዳል። እያንዳንዱ እርሻ መድረሱን ጽፎ በሾፌር ይልካል። ወረቀቱ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ እኔ ተላላኪው ለመጋዘን አደርሳለሁ፣ በመላኪያ መዝገቤም ተቀባዩን አስፈርማለሁ። አሁን አራት ወረቀት የለም። መዝገብ ቤት «ልከናል» ይላል፣ እሷ «አልደረሰኝም» ትላለች። የቁጥጥሩ ሰውዬ ጎማውን ለነጋዴ ሸጠሻል ሊላት ምንም አልቀረው። በዚህ ጊዜ እንዲህ መባል ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም፤ ያሳስራል። ሁለት ልጆች አሏት።

እኔን የጠየቀኝ የለም። ማንስ ይጠይቀኛል? አሥር ዓመት ስላላክ አንድ ወረቀት ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፣ በመሠረተ ትምህርት። በአውራ ጣት ከመፈረም ያወጣችኝ እሷ ናት። ይህንንም ደብተር «አባባ ደምሴ፣ በየቀኑ ካልጻፉ ፊደሉ ይጠፋዎታል» ብላ ሰጠችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ግማሽ ቀን ሥራ። ከሾላ ገበያ ሽንኩርትና ሻማ ገዝቼ ስመለስ በቤቷ በኩል አለፍኩ። በር ላይ አገኘኋት።

«አባባ፣ የመላኪያ መዝገብዎን አይተውታል?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «እኔን ነው የምትጠረጥሪው?»

«ኧረ በሞቴ! አንድ ጊዜ ያንብቡት ነው ያልኩት።»

ያቀረበችልኝን ውኃ ሳልጠጣ ወጣሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ብትኖር «አንተ ግትር፣ ተመለስ» ትለኝ ነበር። አልተመለስኩም። ሽንኩርቱን እዚያው ረስቼው መጣሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 12



ከሚካኤል መልስ ደጃፌ ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ ተቀምጬ መዝገቡን ገለጥኩ። መዝገቡን ቢሮ አላሳድረውም፤ ቁም ሣጥኑን አላምነውም። መዝገብ ቤት የጻፈውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ለ-መ-ጋ-ዘ-ን። ከጎኑ ፊርማ አለ። የእሷ አይደለም። እንደ ሥጋ መስቀያ የተቆለመመች፣ የጋራዡ የተስፋዬ ፊርማ ናት። አራት ቦታ!

ለሰው ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው። እኔ ወረቀት የማደርሰው አንብቤ አይደለም። በቀለሙ ነው። ነጭ ለሥራ አስኪያጁ፣ ሮዝ ለመጋዘን፣ ቢጫ ለጋራዥ። ማንበብ እችላለሁ፣ ግን ዘገምተኛ ነኝ፤ ሰው ቆሞ እንዲያየኝ አልፈልግም። ለካ አንደኛው እርሻ ሮዝ ወረቀት አልቆበት በቢጫ ጽፏል። እኔ ቢጫ አየሁ፣ ለጋራዥ ሰጠሁ። ተስፋዬም ሳያይ ፈረመ።

ይህን እያሰብኩ ጭስ ሸተተኝ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል። ኅዳር ሚካኤል! ጋራዡም ለዛሬ ተብሎ ዓርብ ተጠርጎ ቆሻሻው ተከምሯል።

መሥሪያ ቤታችን እስካለበት ጉርድ ሾላ ሮጥኩ። በእኔ ዕድሜ ሮጥኩ ማለት ውሸት ነው፤ ግን አልቆምኩም። ዘበኛው አብዲሳ ከጋራዡ ጀርባ ክምሩን ለኩሶ እጁን ያሞቃል።

«አጥፋው!» አልኩት።

«የሚካኤልን ጭስ? በሽታ ሊያስገቡብን ነው እንዴ?»

በከዘራዬ ክምሩን በተንኩት። መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ፊቴን ሲያይ ውኃ ይዞ መጣ። ሦስቱን ከነተሰኩበት ሽቦ አገኘናቸው። ዳራቸው ከስሏል፣ ማኅተሙ ይታያል። አራተኛው የለም።

አብዲሳ እሳት የላሰውን ቅንድቤን አይቶ «ግማሹን ኅዳር ወስዶታል» አለኝ። እግዜር ይስጠው፣ እስከ ቤቴ ሸኘኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 13

ሁሉም ተሰብስቧል፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የቁጥጥሩ ሰውዬ፣ ተስፋዬ፣ ጥሩነሽ። ሦስቱን ወረቀትና መዝገቤን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ።

«ይህ ወረቀት ጋራዥ ምን ወሰደው?» አለ የቁጥጥሩ ሰውዬ።

«ተስፋዬ ተቀበለ» ብዬ ዝም ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጥሩነሽን አየኋት። አቀርቅራለች።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት። በቀለም ነው የማደርሰው» አልኩ።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ ሳቀች። ሰውዬው «ጓድ ደምሴ፣ የምስክር ወረቀት አለዎት አይደል እንዴ?» አለኝ።

«አለኝ። ግድግዳ ላይ ነው።»

ጥሩነሽ አልሳቀችም። ተስፋዬ ድንገት ተነስቶ ወጣ፤ ሲመለስ የዘይት እድፍ የጠገበ ቢጫ ወረቀት ይዟል። «ብሎን ጠቅልዬበት ነበር» አለ። አራተኛው ይኸው! ተመስገን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ቁልፏን መለሱላት። ሽንኩርቴንም ይዛልኝ መጥታ ነበር። ስለ ቅዳሜው ቁጣዬ አላነሳችም። «ከእንግዲህ ግን ለማን እንደሆነ ሳያነቡልኝ አልፈርምም» አለችኝ። ጠዋት የመጀመሪያውን ወረቀት ይዤላት ገባሁ። እስክጨርስ ብዕሯን ይዛ ጠበቀችኝ። ሰዓቷን አላየችም።

ከሰዓት መዝገብ ቤት አንድ ደብዳቤ ሰጠኝ። ነጭ ነው። እግሬ በልማድ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሊሄድ ሲል ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። አነበብኩ። «ለአቶ ደምሴ።» የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ አድራሹም እኔ፣ ተቀባዩም እኔ። ሰው እያለፈ ያየኛል፤ ይየኝ። አንድ ቃል አቃተኝ። መጋዘን ሄጄ ጠየቅኳት፣ እኔ ደምሴ! «ጥንቃቄ» ነው የሚለው አለችኝ።

ተመልሼ ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ነው በመዝገቤ፣ «ተቀባይ» በሚለው ሥር የፈረምኩት።