ሁለቱ ሚዛኖች በየስማቸው

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት

አዲሱን ረቂቅ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ለገመቹ መለስኩለት። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ አሁን የልጆች አባት ሆኗል፣ እዚሁ አዳማ የራሱ የሶፍትዌር ቢሮ አለው። ቀይ ቀለም ሲያይ ግን እንደ ድሮው አንገቱን ያካል።

ደብተሬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ራህማ ደራ ከተማ፣ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ክፍል ትሠራለች። እሷም ተማሪዬ ነበረች፤ ከገመቹ (ገ.) ጋር አንድ ዴስክ። ክብደት መዝግቦ ደረሰኝ የሚያትመው አሮጌ ኮምፒውተር ሞተ። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው የት እንደገባ አይታወቅም። ገ. ፕሮግራሙን አዲስ ላፕቶፕ ላይ አስነሣው፣ በቨርችዋል ማሽን፤ አሮጌውን ኮምፒውተር መስሎ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። የቀረው የማዋቀሪያ ፋይሉ። ሁለቱ ሚዛኖች በየትኛው ሲሪያል ፖርት (የገመድ መሰኪያ)፣ ማተሚያው በየትኛው ፓራለል ፖርት እንደሚገቡ የሚናገር ተራ ጽሑፍ። ራህማ ራሷ አንብባ ማስተካከል አለባት። እኔ የተጠራሁት ለዚህ ነው፤ ረቂቁን ለእሷ በሚገባ ቋንቋ ላርም።

ባለመጋዘኑ እስከ ቅዳሜ ገበያ ካልተስተካከለ ክፍሉን እዘጋለሁ ብሏል። ራህማም ወደ ቤቷ።

ማክሰኞ፣ 9

ስለ ማተሚያው ተከራከርን። አሮጌው ፕሮግራም ፓራለል ፖርት ካጣ አይነሣም። ገ. ማተሚያው ሲነቀል መስመሩ ከፋይሉ ይሰረዝ ይላል። ፈተና ያልመጣ ተማሪና ባዶ ወረቀት የሰጠ ተማሪ አንድ ናቸው ወይ አልኩት። ሳቀ። አሁን ሁለት ቃል አለን፦ ፖርቱ ራሱ ሲጠፋ «የለም»፣ ፖርቱ ኖሮ ማተሚያው ሲነቀል «ያልተያያዘ»። ደስ የሚል ቀን።

ሐሙስ፣ 11። ከሰዓት

ገ. ትናንት ደራ ሄዶ ጫነው። ዛሬ ራህማ ደወለች። ድምፅዋ ልክ አይደለም።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ ያለ ችግር ተነሣ። አንድ ገበሬ ጤፉን ትንሹ ሚዛን ላይ አስቀመጠ፤ ደረሰኙ የጋሪና የአህያ ክብደት ይዞ ወጣ። ጋሪው ትልቁ ሚዛን ላይ ቆሞ ነበር። ገበሬው ደረሰኙን አገላብጦ አይቶ፣ «ጤፌ መንገድ ላይ ወለደ እንዴ?» አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ባለመጋዘኑ አልሳቀም። ራህማ ደረሰኙን ቀደደችው።

ምሽት

ምክንያቱ ተገኘ። የትንሹ ሚዛን ገመድ ላልቶ ነበር። ገ. ደግሞ አንዱ ፖርት ከጠፋ ማሽኑ ያገኘውን ሌላ እንዲወስድ አድርጓል። እንዳይቆም ብዬ ነው ቲቸር ይላል።

ሳቄ መጣ። ተማሪ እያለም አንድ ጥያቄ ባዶ ትቶ አያውቅም። ያላወቀውን ይገምታል፣ ብዙ ጊዜም ያገኛል። ራህማ ግን ያላወቀችውን ባዶ ትታ፣ ወረቀቱን ስታስረክብ ይህን አላውቅም ትለኝ ነበር። ሁለቱንም እወዳቸው ነበር። ግን ሚዛን መገመት የለበትም።

ዓርብ፣ 12

የፖርት ቁጥሮቹን ከፋይሉ አስወጣን። አዳማ ውስጥ ቤቴን በቁጥር ፈልጎ ያገኘ እንግዳ የለም፤ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ይባላል፣ ይመጣል። ፋይሉም እንዲሁ፦ «ትንሹ ሚዛን»፣ «ትልቁ ሚዛን»። እያንዳንዱ ስም ከራሱ ገመድ መለያ ጋር ታሰረ። ገመዱ ካልተገኘ ማሽኑ የጎደለውን በስሙ ጠርቶ ይቆማል።

ገ. እሺ አለ፣ ግን ፊቱ ጠቆረ። «ቲቸር፣ ገበያ መሃል ከቆመ የምትባረረው እኮ ራህማ ናት።»

ይቁም አልኩ። ምሳ አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ 13። 10፡00 ሰዓት

ስልኩን ከጠዋት ጀምሮ ከአጠገቤ አላራቅኩም። አሁን ደወለች።

መብራት ጠፋ። ተመለሰ። ማሽኑ ቆመ። ሰልፉ እስከ በር፣ ባለመጋዘኑ ከጀርባዋ። ስክሪኑ ላይ፦ ትንሹ ሚዛን አልተገኘም፣ ገመዱን እይ። ጎንበስ ብላ ገፋ አደረገችው። ሠራ። ባለመጋዘኑ ጽሑፉን ለሰልፈኛው ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ ትልቁም ስሙን ይናገር እንደሆነ ልይ ብሎ ገመዱን በገዛ እጁ ነቀለ። ተናገረ። ደግሞ ነቀለ። ሰዉ ቶሎ በል እንጂ እስኪለው ድረስ።

«ክፍሉ አይዘጋም ቲቸር፣ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ።

ማምሻውን

ገ. የመጨረሻውን ፋይል ላከልኝ። አናቱ ላይ ማሽኑ የማያነበው፣ ለሰው ብቻ የተጻፈ መስመር ጨምሯል፦ ካላወቅህ አትገምት፣ ባዶ ተው። በየፈተና ወረቀቱ አናት እጽፈው የነበረው ትእዛዝ።

ቀይ እስክሪብቶዬን ከፍቼ ነበር። መልሼ ከደንኩት።