በስህተት የመጣችው ነርስ በደንቡ እንድትመጣልኝ

ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
ባሉበት

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ የሐኪሞች ጉብኝት በኋላ

ጉዳዩ፦ በስህተት ያገኘሁት የማስታገሻ ሕክምና በትክክል እንዲቀጥልልኝ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

1. እኔ አመልካች በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሦስተኛ አልጋ ላይ የምገኝ ጡረተኛ የአሳንሰር ጠጋኝ ስሆን፣ ሳንባዬ አልድን ብሎኛል። በኦክስጅን ጭምብሉ ውስጥ ሆኜ እየተናገርኩ ባለቤቴ ትጽፍልኛለች። የእጅ ጽሑፉ ካማረ ምስጋናው ለእርሷ ነው፤ ነገረኛነቱ የእኔ ነው።

2. ባለፈው ሳምንት ሕመሙ የማይድንለትን ሰው ስቃይ የምታቀል አንዲት የማስታገሻ ሕክምና ነርስ ታች ፎቅ ላለ የሦስተኛ አልጋ ታማሚ ተልካ ሳለች አሳንሰሩ እኛ ዘንድ አምጥቶ ጣላት። ይህ አሳንሰር ሁለተኛ ፎቅ ሲሉት አራተኛ የሚወጣ ግትር ነው፤ ሕመሙን ከድምፁ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ አውቄዋለሁ። ልጅቱ አጎንብሳ «አባባ፣ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግርዎት ምንድን ነው?» አለችኝ። ሌላው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ከራስጌዬ ያለውን ማሽን ነው። አፌ እንደደረቀ ነገርኳት፤ በእርጥብ ጥጥ አራሰችልኝ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ እንደምፈራ ነገርኳት፤ ተረኛውን ሐኪም አነጋግራ መድኃኒቴን አስተካከለችልኝ። ያን ዕለት እንደ ሕፃን ተኛሁ።

3. ከእንቅልፌ ስነሳ «ይቅርታ አባባ፣ ለእርስዎ አልነበረም የመጣችው» ተባልኩ። እኔ ቅር ሳይለኝ ይቅርታ መጠየቁን ምን ይሉታል? በደንቡ ትጠራልኝ ብዬ የክፍሉን ኃላፊ ሐኪም ብለምን፣ «ቤተሰብ ‹ሐኪሞቹ ተስፋ ቆረጡበት› ይለናል» አሉኝ። ሐኪሙ ጎበዝና ቅን ሰው ናቸው፣ አልወቅሳቸውም። ቤተሰቤ ደግሞ ኮሪደር ላይ ሲንሾካሾክ ቆይቶ እየሳቀ ይገባና «ነገ ትወጣለህ» ይለኛል። እኔም እንዳላሳፍራቸው ምንም የማላውቅ መስዬ ተኝቻለሁ።

4. እንደምሞት ግን አውቃለሁ።

ባለቤቴ እዚህ መስመር ላይ ስትደርስ ብዕሩን አስቀመጠች። ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። ዓይኗን በእጇ ጠረገችና «አንተ ሰው፣ ይሄን ሁሉ ቀን ስስቅልህ እያወቅክ ነው ዝም ያልከኝ? በል ቀጥል» አለችኝ። ከታመምኩ ወዲህ እውነቱን ስንነጋገር የመጀመሪያችን ነው። ክቡርነትዎ፣ ተላቀስን፤ ቀጥሎም ሳቅን፤ በሳቁ ማሽኑ ስለጮኸ ሁለት ነርሶች እየሮጡ መጡ። ላደረስነው ድንጋጤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

5. ስለዚህ ነርሷ በየጊዜው እንድትመጣልኝ እጠይቃለሁ። የሐኪሞቹ ሕክምና ይቅርብኝ አላልኩም፤ እነርሱ ሳንባዬን ይያዙ፣ እርሷ እኔን ትያዝ። ስለ እኔ የሚባል ነገር ካለም ለእኔ ይነገረኝ፤ ሟቹ እኔ ስሆን ወሬውን የመጨረሻ የምሰማው ለምንድን ነው? ለባለቤቴም ወንበር ይፈቀድላት። ወንበር መተላለፊያ ይዘጋል ተብሎ ይኸው ቆማ ትውላለች፤ የቀረንን ጨዋታ ቁጭ ብላ ብትጫወተኝ ደስ ይለኛል።

6. ጉዳዩ ለስብሰባ የሚቀርብ ከሆነ ግን ይግባኝ የምልበት ትንፋሽ ስለሌለኝ ቀለል ያለ አማራጭ አለኝ። አሳንሰሩን የሚጠግን ባለሙያ እንደሚመጣ ሰምቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ «ቶሎ ይጠገን» እየተባልኩ የኖርኩ ሰው፣ እኔ እስክሄድ ድረስ ማንም እንዳይነካው በትሕትና አመለክታለሁ።

ከአጭር ትንፋሽና ከረጅም ሰላምታ ጋር

አመልካች፦ የሦስተኛ አልጋ ታማሚ (ፊርማ)
ጸሐፊ፦ ባለቤቱ፣ ቆማ የጻፈች (ፊርማ)